ከሌላ ባህል አርቲስት ጋር በኢንተርኔት አብሮ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሌላ ቋንቋና ወግ ካደጉ ሙዚቀኞች፣ ሠዓሊዎችና አኒሜተሮች ጋር በስክሪን በኩል ስሠራ ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝን ከነመልሱ ከቀላሉ ጀምሬ አስቀምጫለሁ።

“ኮላብ” (አብሮ መፍጠር) የሚባለው የትኛው ነው? አንዱ ልኮ ሌላው ከጨመረበት ይበቃል?

ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው ግራ የሚያጋባው። አንደኛው ማሠራት ነው። ዘፈኑ አልቆ ቫዮሊን ብቻ የጎደለው ሰው ተጫዋች ይፈልጋል፤ ተጫዋቹ ክፍሉን ቀርጾ ይልካል፣ ይከፈለዋል፣ በዚያ ያበቃል። የተከበረ ሥራ ነው፣ ነገር ግን የሥራው ባለቤት አንድ ነው። ሁለተኛው ሁለቱም ሰዎች ሥራው ወዴት እንደሚሄድ የመወሰን ሥልጣን ሲኖራቸው ነው፤ አንዱ “ይህ ክፍል ይውጣ” ሲል ሌላው በቁም ነገር ይሰማዋል።

በ2010 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካዊው የሙዚቃ ቀማሪ ኤሪክ ዊታከር ከ12 አገራት የተሰባሰቡ 185 ድምፃውያን በየቤታቸው ቀርጸው የላኩትን አንድ ላይ አድርጎ የኢንተርኔት መዘምራን አሳየን። ድንቅ ሥራ ነበር፤ ምን እንደሚዘመርና እንዴት እንደሚዘመር የወሰነው ግን አንድ ሰው ነው። ሁሉም ያንን አውቆ ስለገባበት ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም። ቅሬታ የሚመጣው አንዱ “አብረን እየፈጠርን ነው” ብሎ ሲያስብ ሌላው “እያሠራሁት ነው” ብሎ ሲያስብ ነው። የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ተነጋገሩ።

አጋር ከየት አገኛለሁ?

ብዙ ተከታይ ያለውን ሳይሆን ሥራውን በሂደት ላይ እያለ የሚያሳየውን ሰው ፈልጉ። ያልጨረሰውን ንድፍ ወይም ሙከራ የሚለጥፍ ሰው አብሮ ለማሰብ ክፍት ነው። በጊዜ የተገደቡ የጋራ ሥራዎችም ጥሩ መግቢያ ናቸው። ለምሳሌ ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ግሎባል ጌም ጃም በልማዱ በ48 ሰዓት ውስጥ ጌም የሚሠራበት ዝግጅት ተብሎ የሚታወቅ ሲሆን ሠዓሊ፣ ሙዚቀኛና ፕሮግራመር በአንድ ቡድን የሚገናኙበት ነው። በሁለት ቀን ውስጥ የሰውዬውን ጠባይ በሁለት ወር ደብዳቤ ከምታውቁት በላይ ታውቁታላችሁ።

ከተገናኛችሁም በኋላ ወደ ትልቁ ሥራ አትዝለሉ። በመጀመሪያ የ30 ሰከንድ ሙዚቃ ወይም አንድ ሥዕል አብራችሁ ጨርሱ።

የመጀመሪያውን መልእክት እንዴት ልጻፍ? ብዙዎቹ አይመልሱልኝም።

“ሥራህን ወድጄዋለሁ፣ አብረን እንሥራ” የሚል መልእክት ለማንም ሊላክ የሚችል ነው፤ ለዚህም ነው ማንም የማይመልሰው። የትኛውን ሥራ እንዳያችሁና የቱ ቦታ እንደያዛችሁ ጥቀሱ፤ “በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከበሮው ሲቆም ድምፅህ ብቻውን የቀረበት” ዓይነት ነገር። ከዚያ በእጃችሁ ምን እንዳለ፣ ከእሱ ምን እንደምትፈልጉ፣ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅና ክፍያ መኖር አለመኖሩን በአራት ዐረፍተ ነገር ተናገሩ። ክፍያ ከሌለ ከመጀመሪያው የለም በሉ። መደበቅ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው።

አጠራሩንም ተጠንቀቁ። በቻይና፣ በጃፓን፣ በኮሪያና በሃንጋሪ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ የመጀመሪያውን ቃል የሰውየው መጠሪያ ነው ብላችሁ ስትጽፉ ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። ሰውየው በገጹ ላይ ራሱን እንደጠራው ጥሩት፤ ካላወቃችሁም “ምን ብዬ ልጥራዎት?” ብሎ መጠየቅ ማንንም አስቀይሞ አያውቅም።

የጋራ ቋንቋ የለንም። በትርጉም መተግበሪያ ብቻ ይሠራል?

ይሠራል፣ አጻጻፋችሁን ከቀየራችሁ። ዐረፍተ ነገሩን አሳጥሩ፣ በአንዱ ዐረፍተ ነገር አንድ ሐሳብ ብቻ አስቀምጡ፣ ተረትና ምሳሌን ለሌላ ጊዜ አቆዩ። የተተረጎመውን መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስተርጉሙና አንብቡት፤ የጻፋችሁት ነገር ከጠፋ እዚያው ታዩታላችሁ። ቱርክኛ፣ ፋርስኛና ፊንላንድኛ “እሱ” እና “እሷ”ን በአንድ ቃል ስለሚጠሩ በትርጉም ውስጥ ጾታ ቢቀያየር ስድብ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

የሚያጣላው ግን ብዙውን ጊዜ ቃሉ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። 04/05 ለአንዱ ኤፕሪል 5 ነው፣ ለሌላው ሜይ 4። ሰዓትን ከንጋት የሚቆጥርና ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥር ሰው “3 ሰዓት” ሲባባሉ የተግባቡ ይመስላቸዋል። ወሩን በስሙ ጻፉ፣ ሰዓቱን ከዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ጋር አያይዛችሁ ጻፉ። አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርች ሁለተኛው እሑድ፣ አብዛኛው አውሮፓ ደግሞ በማርች የመጨረሻው እሑድ ነው፤ በመሀሉ ባሉት ሳምንታት የለመዳችሁት የሰዓት ልዩነት በአንድ ሰዓት ይዛነፋል።

ፋይል ስንላላክ በየጊዜው የሆነ ነገር ይበላሻል። በምን መስማማት አለብን?

አንድ ጊዜ የላክሁት የድምፅ ቅጂ አጋሬ ዘንድ ሲከፈት ዘፋኙ የታመመ ይመስል ነበር፤ ድምፁ ወፍሯል፣ ዘፈኑ ተጎትቷል። እኔ የቀረጽሁት በ48 ኪሎኸርዝ የናሙና መጠን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚናገር ቁጥር) ነው፤ የእሷ ፕሮግራም ደግሞ 44.1 ላይ ተስተካክሎ ስለነበር ፋይሉን ሳይቀይር እንዳለ አጫወተው። 4 ደቂቃ የነበረው ዘፈን 4 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ሆነ፣ ቅኝቱም አንድ ሴሚቶን (በፒያኖ ሁለት አጎራባች ቁልፎች መሀል ያለው ርቀት) ተኩል ያህል ወረደ። እሷ ግን አዘፋፈኑ የኛ ወግ ስለመሰላት አክብራ ዝም አለች፤ በዚያ የተጎተተ ድምፅ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ስትሠራ ቆየች። ከዚያ ወዲህ የማልረሳው ነገር ይህ ነው፦ በባህል መሀል ስንሠራ የቴክኒክ ስህተት “የእነሱ አሠራር ይሆናል” ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ እንግዳ ነገር ስትሰሙ ጠይቁ።

ሙዚቃ ከሆነ የናሙና መጠኑን (44.1 ወይም 48) በጽሑፍ ተስማሙ፤ 24 ቢት ዋቭ (ያልታመቀ የድምፅ ፋይል) ላኩ፤ ከበሮውም ድምፁም ሁሉም ከዜሮ ሰከንድ ይጀምር፤ የምቱን ፍጥነት በፋይሉ ስም ላይ ጻፉ፤ ኢኮ ያለበትንና የሌለበትን ለየብቻ ላኩ፤ ሁሉ ተደባልቆ እንዴት እንደሚሰማ የሚያሳይ አንድ ኤምፒ3 ጨምሩ። ሥዕል ከሆነ ለስክሪን ነው ወይስ ለኅትመት የሚለውን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ የቀለሙ ሥርዓት ለስክሪን ኤስአርጂቢ፣ ለማተሚያ ቤት ብዙ ጊዜ ሲኤምዋይኬ ነው፣ መጠኑም በሚታተምበት ልክ በኢንች 300 ነጥብ። ጽሑፍ ያለበት ሥዕል ሲሆን ፊደሉ ወደ ቅርጽ የተቀየረበት ቅጂ አብሮ ይሂድ። አለዚያ ፎንቱ የሌለው ሰው ባዶ ሣጥን ያያል፤ ዐረብኛ ደግሞ በማይደግፈው ፕሮግራም ውስጥ ፊደላቱ ተቆራርጠው በተገላቢጦሽ ይደረደራሉ። የፋይል ስም ላይ “የመጨረሻ” የሚል ቃል አትጻፉ። ቀን ጻፉ።

በቀጥታ፣ በአንድ ጊዜ አብረን መጫወት እንችላለን?

ርቀቱ ይወስነዋል። ሙዚቀኞች ምታቸውን ሳይስቱ የሚታገሡት መዘግየት ከ25 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ይህ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በ10 ሜትር ርቀት ቆሞ ከመጫወት ጋር እኩል ነው። በፋይበር መስመር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 10,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ለመሄጃ ብቻ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ፣ ዋይፋዩና መተግበሪያው የሚጨምሩት ገና አልተቆጠረም። ከአህጉር አህጉር በጠበቀ ምት አብሮ መጫወትን ፊዚክሱ ራሱ አይፈቅድም፤ የተሻለ ኢንተርኔት በመግዛት አይፈታም።

በአቅራቢያ ላሉ ከተሞች ግን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ጃክትሪፕ የመሰለ ፕሮግራም በኬብል ኢንተርኔት ጥሩ ይሠራል። ለሩቁ ሁለት መላ አለ። አንዱ ምት የሌለውን ሙዚቃ መጫወት ነው፤ ረጅም የተንሳፈፈ ድምፅ ላይ ሌላው ሲያንጎራጉር መዘግየቱ አይሰማም። ሁለተኛው ኒንጃም የሚባለው ፕሮግራም የሚጠቀምበት ዘዴ ነው፦ መዘግየቱን ለመቀነስ ከመታገል ይልቅ በሙሉ ዙር ያስረዝመዋል፣ እናንተም አጋራችሁ በፊተኛው ዙር የተጫወተውን እየሰማችሁ ትጫወታላችሁ። መጀመሪያ ይከብዳል፤ ሲለመድ ግን ራሱን የቻለ የአጨዋወት ስልት ይሆናል።

የእሱ መሣሪያ ከእኔ ጋር ቅኝቱ አይገጥምም። ማን ይቀይር?

መቀየር የሚችለው ይቀይር። ዓለም አቀፉ መለኪያ “ላ” 440 ኸርዝ ነው ይላል፤ ነገር ግን በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ጋሜላን የሚባለው የነሐስ መሣሪያዎች ስብስብ እያንዳንዱ የራሱ ቅኝት አለው፣ ነሐሱ አንዴ ከተሠራ በኋላ በቀላሉ አይስተካከልም። ጊታርና ድምፅ ግን ይታጠፋሉ። መቃም የሚባለው የዐረብ ሙዚቃ የቅኝት ሥርዓት በፒያኖው ሁለት ቁልፎች መሀል የሚውሉ ድምፆች አሉት፤ ፒያኖው እነዚያን ስለማያገኝ “የተሳሳተው” ማን እንደሆነ ለመፍረድ አትቸኩሉ።

በተግባር እንዲህ አድርጉ፦ አጋራችሁ እያንዳንዱን ድምፅ ለ10 ሰከንድ ያህል ብቻውን ቀርጾ ይላክላችሁ፣ እናንተም የራሳችሁን መሣሪያ በዚያ ላይ ቃኙ። ሶፍትዌር ሲንተሳይዘር ካላችሁ አብዛኞቹ ልዩ ቅኝት ይቀበላሉ። ድምፅን በራሱ የሚያስተካክለውን ፕሮግራም ደግሞ አጥፉት። እሱ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ የፒያኖውን 12 ድምፅ ነው፤ ዘፋኟ አስባ ያጠፈችውን ሁሉ “ያርምላችኋል”፣ ያ ደግሞ አብራችሁ መሥራት የፈለጋችሁበትን ምክንያት መሰረዝ ነው።

“ጥሩ ነው” ይለኛል፣ ከዚያ ሥራው አይንቀሳቀስም። አልወደደውም ማለት ነው?

ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ያደገው ስህተትን በቀጥታ መናገር አክብሮት ነው ተብሎ ነው፤ ሌላው ዝም ማለት፣ ማዘግየት ወይም “እናያለን” ማለት እምቢታ መሆኑን ሁሉ የሚያውቅበት ቦታ ነው ያደገው። ሁለቱም ትሑት ነን ብለው ያስባሉ። ይህን በአገር መድቦ ማወቅ አይቻልም፤ በአንድ አገር ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች እንኳ ይለያያሉ።

የሚጠቅመው ጥያቄውን መቀየር ነው። “ወደድኸው?” ሲባል ሰው አዎ ከማለት ሌላ መውጫ የለውም። “ከ1:20 እስከ 1:45 ያለውን እናሳጥር ወይስ እንተወው?” ብላችሁ ጠይቁ። ወይም ሁለት አማራጭ ሠርታችሁ ላኩና “ከሁለቱ የትኛው ወደ ሥራው ይቀርባል?” በሉ። በዚህ ጊዜ አንዱን መተው ሰውን መንካት አይሆንም። የራሳችሁንም ሥራ ቀድማችሁ ተቹ፤ “መግቢያዬ ረዝሟል መሰለኝ” ያለ ሰው ለሌላው በር ይከፍታል።

ሥራው የማን ነው? የእኔ አገር ሕግ ነው የሚሠራው ወይስ የእሱ?

በ1886 የተፈረመውና ዛሬ ከ180 በላይ አገራት ያሉበት የበርን የቅጂ መብት ስምምነት መሠረቱን ይጥላል፦ በአባል አገር የተፈጠረ ሥራ በሌላው አባል አገር እንደ አገሬው ሥራ ይጠበቃል፣ ለመጠበቅም ምዝገባ አያስፈልገውም። በስምምነቱ ዝቅተኛው የጥበቃ ዘመን ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ የጋራ ሥራ ከሆነ የሚቆጠረው በመጨረሻ ከሞተው ደራሲ ነው።

ስምምነቱ የማይመልሰው ግን እናንተ ሁለታችሁ እርስ በርስ ያላችሁን መብት ነው። በአሜሪካ ሕግ፣ ሌላ ውል ከሌለ፣ ከጋራ ባለቤቶቹ አንዱ ሌላውን ሳያስፈቅድ ለሦስተኛ ወገን ብቸኛ ያልሆነ ፈቃድ መስጠት ይችላል፤ ግዴታው ከገቢው ማካፈል ነው። በእንግሊዝ ሁሉም ባለቤቶች ካልፈቀዱ አይቻልም። በፈረንሳይም የጋራ ሥራ በሁሉም ስምምነት ነው የሚተዳደረው። አንድ ዘፈን፣ ሁለት ሰው፣ ማስታወቂያ ሠሪ መጥቶ ሲጠይቅ መልሱ እንደየአገሩ ይለያያል። ይህን ክፍተት የሚሞላው የእናንተው ጽሑፍ ብቻ ነው።

“የማይተማመን ባልንጀራ በየወንዙ ይማማላል” እያሉ ውል መጻፍን እንደ አለመተማመን የሚያዩት አሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ የምይዘው ሌላውን ነው፦ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አንድ ገጽ ይበቃል። ማን ምን እንደሠራ፣ የዜማው ድርሻና የቅጂው ድርሻ (ሁለቱ የተለያዩ መብቶች ናቸው) በመቶኛ፣ ለማስታወቂያና ለፊልም ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ስማችሁ በየትኛው ፊደልና አጻጻፍ እንደሚወጣ፣ ከሁለታችሁ አንዱ ቢተው ያለቀው ክፍል ምን እንደሚሆን። በሁለቱም ቋንቋ ጻፉት፣ ካልተስማሙ የትኛው ቋንቋ እንደሚገዛም ጨምሩ። ሥራው ከፍ ያለ ገንዘብ የሚያመጣ ከሆነ ጠበቃ ይየው።

ገንዘቡን እንዴት እንካፈላለን?

በመቶኛ ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ድምሩ 100 መሆኑንም አረጋግጡ፤ የሚገርመው ብዙ ጊዜ አይሆንም። ሙዚቃን ወደ መድረኮች ከሚያሰራጩት አገልግሎቶች አንዳንዶቹ ድርሻውን ራሳቸው ከፍለው ለየሰው ይልካሉ፤ ይህ አንዱ ለሌላው ገንዘብ ያዥ ከመሆን ያድናል። እያንዳንዱ ቅጂ 12 ሆሄና ቁጥር ያለው አይኤስአርሲ የሚባል መለያ አለው፤ ለአንድ ቅጂ ሁለታችሁም በየፊናችሁ መለያ እንዳታወጡ፣ ገቢው ይበታተናል።

ከመጀመራችሁ በፊት አጋራችሁ ባለበት አገር ያ የክፍያ መንገድ መሥራቱን ጠይቁ። ግብርም አለ። ከአሜሪካ የሚመጣ ሮያሊቲ (ሥራው ጥቅም ላይ ሲውል ለባለመብቱ የሚከፈል ድርሻ) ለውጭ ሰው ሲከፈል መነሻው 30 በመቶ ተቀናሽ ነው፤ በሁለቱ አገራት መካከል የግብር ውል ካለና ቅጹ ከተሞላ ይቀንሳል። የማስተላለፊያውን ወጪ ማን እንደሚሸከም አንድ መስመር ጻፉ።

የሌላ ሕዝብን ባህላዊ ዜማ ወይም ጌጥ መጠቀም እችላለሁ? “ባለቤት የለውም” ይሉኛል።

ባለቤት የለውም የተባለ ዜማ ብዙ ጊዜ ስሙ ያልተጻፈ ባለቤት ያለው ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ሰለሞን ሊንዳ በ1939 የቀረጸውን ዜማ በ10 ሺሊንግ ሸጠ፤ ዜማው ግጥሙ ተለውጦ ዓለምን ሲዞር እሱ በድህነት በ1962 ሞተ። ወራሾቹ በ2006 በስምምነት ድርሻ እስኪያገኙ ድረስ ብዙዎች የሕዝብ ዘፈን ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከታይዋን የአሚስ ሕዝብ የሆኑት ባልና ሚስት የዘፈኑት ቅጂም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሳያውቁ በዓለም አቀፍ የፖፕ ዘፈን ውስጥ ገባ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1999 በስምምነት አለቀ። ባልየው ድምፁን የሰማው ሰው ነግሮት ነው። እነዚህን ሁለት ታሪኮች ሳስብ ዛሬም ያመኛል፤ ሰዎቹን ማግኘት ያን ያህል የሚከብድ አልነበረምና።

ሕጉ ገና አልደረሰም። በ2024 በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ሥር የጸደቀው ውል የዘረመል ሀብትንና ከዚያ ጋር የተያያዘ ባህላዊ ዕውቀትን እንጂ ዜማንና ጌጥን አይሸፍንም። አንዳንድ አገር ግን ራሱ ሕግ አውጥቷል፤ ኒውዚላንድ በ2014 ባወጣችው ሕግ “ካ ማቴ” የተሰኘው የማኦሪ (የአገሪቱ ነባር ሕዝብ) ሃካ፣ ማለትም ባህላዊ ጭፈራ፣ ለንግድ ሲውል ደራሲው ቴ ራውፓራሃና አለቃቸው የነበረው የንጋቲ ቶአ ጎሣ መጠቀስ አለባቸው። ማኦሪዎች ራሳቸው ደግሞ የዘር ሐረግ የሚናገረውን ንቅሳት “ሞኮ”ን ለሌላ ሰው ከሚሠራው “ኪሪቱሂ” ይለያሉ። ይህን የሚያውቀው ያደገበት ሰው ነው። ስለዚህ ቅጂውን ከኢንተርኔት ከመቁረጥ ይልቅ የዚያ ወግ ባለሙያ የሆነ ሰው አጋር አድርጉ፣ የደራሲነት ድርሻ ስጡ፣ “ይህ ለሁሉ የሚሰማ ነው ወይስ በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ ሰው ብቻ የሚባል?” ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ እምቢታውን ተቀበሉ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብንጠቀምስ?

የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በ2023 ባወጣው መመሪያ የሰው ፈጠራ የሌለበት ክፍል በቅጂ መብት አይጠበቅም ብሏል። የሥዕሉን ዳራ ማሽን ሠርቶት ፊቱን እናንተ ከሣላችሁት የሚጠበቀው የእናንተው ክፍል ነው። ስለዚህ አንዱ የላከው ክፍል በማሽን የተሠራ ከሆነ ለሌላው መንገር ግዴታው ነው፤ የጋራው ሥራ ጥበቃ በዚያ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ የአጋር ድምፅ ነው። አንዲት ዘፋኝ ያለ ሙዚቃ የቀረጸችው ንጹሕ ድምፅ ድምፅዋን ለሚያስመስል ፕሮግራም የተመቸ ግብዓት ነው። ውላችሁ ውስጥ “ከዚህ ሥራ ውጭ ለማሠልጠኛም ሆነ ለማስመሰያ አይውልም” የሚል መስመር ይኑር፤ ፋይሎቹን የምታስቀምጡበት አገልግሎትም በመመሪያው ለማሠልጠኛ እወስዳለሁ እንደማይል አንብቡ።

አጋሬ መሀል ላይ ጠፋ። ያለቀውን ላውጣው?

መጀመሪያ መጥፋቱን አትመኑ። መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ሐዘን፣ ጾም፣ ፈተና፣ በአገሩ የታገደ መተግበሪያ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ሁለተኛ የመገናኛ መንገድ መለዋወጥ ያለባችሁ። በሁለቱም መንገድ ጻፉ፣ ወቀሳ ሳይጨምሩ፣ የሚመልስበትን ቀን ጠቅሳችሁ።

ያ ቀን ካለፈና ውላችሁ ይህን ካልመለሰው፣ የእሱን ክፍል አውጥታችሁ የእናንተን ብቻ መልቀቅ ትችላላችሁ። ክፍሉ የማይለይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዜማውን አብራችሁ ከጻፋችሁት፣ አቆዩት። የእሱን ፋይሎች ከነቀናቸው በአንድ ማኅደር አስቀምጡና ሌላ ሥራ ጀምሩ። እኔ ዘንድ እንዲህ ተቀምጦ ከሁለት ዓመት በኋላ “ይቅርታ፣ እናቴ ታማ ነበር፣ ገና አለ?” የሚል መልእክት የመጣበት አንድ ሥራ አለ፤ ማኅደሩን ከፍተን ካቆምንበት ቀጠልን።